እርም ያልወጣለት ሐዘን

ሰሞኑን እዚሁ ካልጋሪ፣ ሲቲስኬፕ ሰፈር፣ ከወዳጅ ቤት ቡና ላይ ተሰባስበን የታማራ ማሪያም ዳዊትን «ፋይንዲንግ ሳሊ» አየን። አንድ ወጣት «ታሪኩ የሳሊ ነው ወይስ የፊልም ሠሪዋ?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ዘጋቢ ፊልም ኢሕአፓን ተቀላቅላ በቀይ ሽብር ዘመን የጠፋችን አክስት ይፈልጋል። ካሜራው ግን ዘወር እያለ ፈላጊዋንም ያሳየናል፤ አክስቶቿን ስትጠይቅ፣ ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት ያዳፈነውን ስትቆሰቁስ። ሳለም መኩሪያም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሠራችው «የወንዝ ማዕበል» የጠፋ ወንድሟንና የተገደለች የልብ ጓደኛዋን ስታነሳ፣ ተራኪዋም ሐዘንተኛዋም ራሷ ነበረች።

አንዳንዱ ይህን የፈረንጅ መራቀቅ ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። በእኛ ወግ መርዶ ይነገራል፣ ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ለብዙ ቤት ሬሳው ተከለከለ፤ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር። እርም ያልወጣለት ሐዘን ደግሞ ቀጥ ብሎ አይተረክም። ይዞራል፣ ይቆራረጣል፣ ተራኪውን ራሱን ይዞ ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፊልም የሚያይ ሰው «ምን ደረሰባት?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ሳይወራ ቀረ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ፊልሙ ሲያበቃ የቤቱ እመቤት ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እኔም እኮ ወንድም ነበረኝ» አሉ። ልጆቻቸው ስሙን እንኳ ሰምተው አያውቁም። በረካው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ፤ እሳቸው ግን እስከ እኩለ ሌሊት አወሩ።

ውድ አንባብያን፣ በየቤታችሁ ያሉትን ሳይመሽ ጠይቋቸው።