ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ

የቤትና የትምህርት ቤት ዓምድ

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካም የእርሻም አገር ነው። በአንድ በኩል ፋብሪካና መጋዘን ተደርድሯል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጥቁር አፈር አለ። ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ይበቅልበታል። የሠራተኛ ልጅና የገበሬ ልጅ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ይማራሉ።

መምህሩ ጥያቄ ጠየቀ እንበል። አንዱ ልጅ ቶሎ እጁን ያወጣል። ሌላው መልሱን እያወቀ አንገቱን ይደፋል። መምህሩ «ይኼ ልጅ ሰነፍ ነው» ይላል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም። ቤቱ ያስተማረውን ነው የሚያደርገው።

ቤቱ ምን አስተማረው? ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል። እንግዳ ሲመጣ ተነሥ፤ እጅ አስታጥብ። ይህ መጥፎ አስተዳደግ አይደለም። ትዕግሥትና አክብሮት ያስተምራል። ጉዳቱ የሚመጣው ልጁ ጨርሶ እንዳይጠይቅ ሲደረግ ነው። «ለምን?» ባለ ቁጥር ኩርኩም የቀመሰ ልጅ፣ ትምህርት ቤትም «አልገባኝም» ማለት ይፈራል። ያልገባው ነገር እየተከማቸ ይሄዳል። በመጨረሻ ትምህርቱን ይጠላል።

ሴት ልጅም እንደዚሁ ናት። ወንድሟ ደብተር ሲይዝ እሷ ጀሪካን ከያዘች፣ ማንም ሳይነግራት «ትምህርት ለእኔ አይደለም» ትላለች።

ልጅን የሚያሳድገው ግን ቤት ብቻ አይደለም። ዘመንም ያሳድጋል። እስቲ ያለፉትን ተማሪዎች እናስታውስ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ!» ብለው ሰልፍ ወጡ። እነዚህ ልጆች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰሙ ያደጉ ነበሩ። ታዲያ ምን ለወጣቸው? ከየአገሩ መጥተው አንድ ላይ ተማሩ። አነበቡ፤ ተከራከሩ። የገበሬው ችግር ምክንያት እንዳለው አዩ።

በ1967 ዓ.ም. ደግሞ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሄዱ። የከተማ ልጅና የገጠር ሽማግሌ ተገናኙ። ብዙ ተማማሩ። በአንዳንድ ቦታ ግን ተጣሉ። ተማሪው ባህሉን ኋላ ቀርነት ነው አለ። ሽማግሌው የተማሪውን ጥያቄ ብልግና ነው አለ። ሁለቱም እንዳስተዳደጋቸው ነበር የተናገሩት።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ያን ጊዜ ወጣት ተማሪ ጠመኔ ይዞ ቆመ። አባቱ የሚሆን ሰው ደብተር ይዞ ተቀመጠ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባል አልነበር? እዚያ ግን በቃ። የአባት ክብርም አልቀነሰም። ተማሪውም ትልቅን ሰው በትዕግሥት ማስረዳት ለመደ።

የዛሬ ተማሪ በሞባይል ዘመን ያድጋል። መልስ ቶሎ ይፈልጋል። እኛም «የዛሬ ልጅ ሰው አያከብርም» እንላለን። አባቶቻችንም ስለ እኛ እንዲሁ ይሉ ነበር እኮ! ልጁን ያሳደግነው እኛው ነን። አባት በራት ሰዓት ከስልኩ ዓይኑን ካልነቀለ፣ ልጁ ከማን ይማር?

እንግዲህ ምን እናድርግ? እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ማታ ከራት በኋላ የልጃችሁን ደብተር አስመጡ። ልጁ አንድ መስመር ያንብብ። እናንተም አንድ መስመር አንብቡ። ቃሉ ካቃታችሁ «ይኼ ምን ይላል?» ብላችሁ ልጁን ጠይቁ። አትፈሩ። አባቱ ሲጠይቅ ያየ ልጅ፣ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ይማራል። ነገ በክፍል ውስጥ እጁን ያወጣል።

አክብሮቱም አይቅር። «አባዬ፣ ይኼ ለምን ሆነ?» ማለት ብልግና አይደለም። መልሱን የማታውቁት ከሆነ «ነገ መምህርህን ጠይቅና ለእኔም ንገረኝ» በሉት። እንዲህ ያለ ልጅ አክብሮትንም ጥያቄንም ይዞ ያድጋል።

ተወያዩበት
1. እናንተ ልጅ ሳላችሁ «ለምን?» ስትሉ ምን ትባሉ ነበር?
2. በቤታችሁ ሴት ልጅ የምታጠናው በስንት ሰዓት ነው?
3. በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ምን ተማራችሁ?