የአፍዴራ ዓሣና የመስታወት ገንዳ

ለቤት የጨው ውኃ አኳሪየም የሚሸጡ ዓሦች አብዛኞቹ ከባሕር በቀጥታ የተያዙ ናቸው። የወንዝና የሐይቅ ጌጥ ዓሦችን በገንዳ ማራባት ብዙም አያስቸግርም። የባሕር ዓሦች ጫጩቶች ግን ከዕንቁላል ሲወጡ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ለአፋቸው የሚመጥን ምግብ አግኝቶ ማሳደግ ይከብዳል፤ በሰው እጅ በብዛት የሚራቡት እንደ ክላውን ዓሣ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የዝርያዎቹ ዕጣ የተንጠለጠለው በአያያዙ ሕግ ላይ ነው።

ሕጉም አያያዙም ከአገር አገር ይለያያሉ። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ የዓሣ ማስገር ፈቃድ ያለው ሰው ለቤቱ አኳሪየም በቀን እስከ 20 የባሕር ፍጥረታት፣ ከአንድ ዝርያ ደግሞ ከ5 ያልበለጡ መያዝ ይችላል። የያዘውንም ውኃው ሳያቋርጥ በሚዘዋወርበት ዕቃ አድርጎ በሕይወት ወደ የብስ ማድረስ ይጠበቅበታል። በፊሊፒንስ በአንጻሩ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አስጋሪዎች ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በኮራል ላይ እየረጩ ዓሣውን አደንዝዘው ይለቅሙ ነበር። መርዙ ኮራሉን ጭምር ይገድላል። የጎጃም ወንዞችም የብርብራ ፍሬ ዱቄት የሚያደርሰውን ጉዳት ያውቁታል፤ ትልቁን ዓሣ ለመልቀም የተበተነው ዱቄት ጫጩቱን ሁሉ አብሮ ይጨርሳል።

በጣም የሚጎዱት መኖሪያቸው ጠባብ የሆነ ዝርያዎች ናቸው። የኢንዶኔዥያው የባንጋይ ካርዲናል ዓሣ በተፈጥሮ የሚገኘው በባንጋይ ደሴቶች ዙሪያ ብቻ ነው። ወንዱ ዕንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፉ ይዞ ስለሚያሳድግ ልጆቹ በማዕበል ተወስደው ሩቅ ቦታ አይሠፍሩም። የአኳሪየም ገበያ ከወደደው በኋላ ቁጥሩ ክፉኛ ቀነሰ፤ አሜሪካም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሥጋት ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ አስገባችው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። የጨው ውኃ ዓሣ ግን አላት፤ ያውም በዓለም ሌላ ቦታ የሌለ። በአፋር ክልል፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአፍዴራ ሐይቅ፣ ፍል ውኃ በሚፈስባቸው ዳርቻዎች ሁለት ብርቅዬ ዝርያዎች ይኖራሉ። የቆሮሶ ዘመድ የሆነው ዳናኪሊያ ፍራንቼቲ በ1931 (እ.ኤ.አ.) ሳይንሳዊ ስም ተሰጠው። ሁለተኛው ኪሊፊሽ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ወገን ነው፤ የዓሣ ሳይንቲስቱ አበበ ጌታሁን ከባልደረባቸው ከላዛራ ጋር ሆነው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም አስተዋወቁት። ሁለቱም አኳሪየም ወዳድ የሚመኛቸው ዓይነት ናቸው፤ ትንንሽ፣ ብርቅዬና ጨው የለመዱ።

የአፍዴራ ጉዳይ ለጎጃሟ የጁቤ ከተማም ሩቅ ወሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢዋ በነበረው የባሶ ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው የመጣው ከደናክል በረሃ ነበር። ዛሬም የአገሪቱ የገበታ ጨው በአብዛኛው የአፍዴራ ነው፤ የሐይቁ ውኃ በፓምፕ እየተሳበ በኩሬ በፀሐይ ይደርቃል። ወጡን የሚያጣፍጠው ጨውና ዓሣው የአንድ ሐይቅ ልጆች ናቸው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ከሁሉ በላይ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለቀጥታ ፍጆታ የሚሸጥ ምርት ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው። ሆኖም ለማራባት በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ የሚሄድ ሕያው ዓሣ ፍጆታ ሊባል አይገባውም። ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው፤ የአፍዴራ ዓሦች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይቴስ ስምምነት ዝርዝር ስለሌሉ ከረጢቱን የሚያየው የሌላ አገር ጉምሩክ በዚያ ስምምነት መሠረት የሚያቆምበት ምክንያት የለውም። ዋናው ኬላ የኢትዮጵያው ነው።

ስለዚህ ኢንስቲትዩቱ ከአፋር ክልል ጋር ሆኖ ለሁለቱ ዝርያዎች በስማቸው የተጻፈ የአያያዝ ደንብ ሊያወጣላቸው ይገባል፤ ስንት፣ በምን መረብ፣ ለምን ዓላማ እንደሚያዙና የአካባቢው ነዋሪ ምን ድርሻ እንዳለው የሚናገር። እስከዚያው ለምርምር ካልሆነ በቀር ማንም ከአፍዴራ አንድም ዓሣ ማውጣት የለበትም።