አልሽር ያለ ቁስል አይናቅ

በቢቸናም ሆነ በሞጣ እሾህ የወጋው እግር፣ እሳት የፈጀው ክንድ ለገበሬው ብርቅ አይደለም። ለዓመታት አልሽር ያለ ቁስልና የቃጠሎ ጠባሳ ግን ወደ ቆዳ ነቀርሳ ሊለወጥ እንደሚችል መታወቅ አለበት። ሜላኖማ የተባለው አደገኛ ነቀርሳም በጥቁር ሕዝብ ላይ ይበልጡን የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ ነው፤ ፀሐይ በብርቱ የምትጎዳው አልቢኖ የሆኑትን ወገኖች ነው።

ጠርዙ ያበጠ፣ ሲነካ የሚደማ፣ በወር ያልሻረ ቁስል ሲታይ ሐኪሙ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ያስመረምራል። ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ተቆርጦ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የከበደው በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እስከተቋቋመው እስከ አዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። በጋለ ብረት መተኮስ ግን ጠባሳ መጨመር ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ታማሚው «አጨዳው ይለቅ» ቢል እንኳ ደቦ አውጥተውለት ወደ ጤና ጣቢያ ሊልኩት ይገባል።