ፈረስህን ውደድ፤ በቅሎንም አትናቅ

በቀደም ዕለት ከሥራ መልስ ቡና ለመጠጣት ጎራ ባልኩበት ቤት ሁለት ወጣቶች አጥብቀው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ተማሪ፣ ሁለተኛው በቅርቡ መሥሪያ ቤት የገባ ሠራተኛ መሆናቸውን ከንግግራቸው ተረዳሁ። ክርክራቸው ግን ስለ ትምህርት ወይም ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ሞተር ሳይክል ነበር። አንዱ ለጃፓኑ፣ ሌላው ለሕንዱ ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። በመጨረሻ ተማሪው ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «ከእኔ ማርክ በቀር ያለው ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ነው!» አለ። እኔም ዕድሜዬን ተመክቼ «ልጄ፣ የጓደኛህን ነድተኸው ታውቃለህን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምን ሊረባኝ እነዳዋለሁ?» ሲል መለሰልኝ።

መልሱ አላስቀየመኝም፤ አሳሰበኝ እንጂ። እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ መልሴ ይኸው ነበርና። በመጀመሪያ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የገዛሁት ሞተር ሳይክል ጓደኞቼ ሁሉ ስሙን የሚያሞግሱት፣ ከባድና ቁመተ ረጅም የሆነ ነበር። ሥራዬ ግን በከተማ ውስጥ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት መመላለስ ስለነበረ በየመስቀለኛው መንገድ ስገፋውና ሳቆመው ወገቤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ እያማረርኩ በአፌ አመሰገንኩት። ያንን ማርክ መንቀፍ ራሴን መንቀፍ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱም የፋብሪካው ሳይሆን የእኔ ነበር።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ አስተዋዮች ነበሩ። ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ የለም። ለፈረስ ከዚህ የበለጠ ፍቅር ከየት ይገኛል? ነገር ግን ያው ፈረሱን የሚወድ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ዳገት ሲወጣና ቁልቁለት ሲወርድ በቅሎውን ይጭናል፤ እህሉንም በአህያ ያስጭናል። በቅሎን «ለምን እንደ ፈረስ አትሮጪም?» ብሎ የሚሰድብ ባላገር የለም። እያንዳንዱ እንስሳ የሚለካው በሚሠራው ሥራ ነው።

ሞተር ሳይክልም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ለአንድ ችግር የተሰጠ መልስ ነውና ጥያቄውን ሳያውቁ መልሱን መንቀፍ አይገባም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመናውያኑ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 ከእንጨት በተሠራ አካል ላይ ሞተር ባስቀመጡ ጊዜ የፈለጉት ትንሽ የቤንዚን ሞተር ሰው ተሸክሞ መሄድ መቻሉን ለማየት ነበር። በ1923 ቢ ኤም ደብልዩ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ሲያወጣ ሁለቱን ሲሊንደሮች ነፋስ እንዲያቀዘቅዛቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስተኛቸው፤ የኋላውንም ጎማ በካቴና ፈንታ በብረት ዘንግ አዞረው። በዚህም ባለቤቱ ካቴና ከመቀባትና ከማጥበቅ ዐረፈ።

በ1946 የጣልያኑ ፒያጆ ቬስፓን እንዲነድፍ ያደረገው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክልንም አይወድም ነበር። ልብስ የሚያቆሽሽና ለመውጣት የሚያስቸግር ነው ብሎ ስለሚነቅፈው ሞተሩን በክዳን ሸፈነው፤ እግር የሚያልፍበትንም ቦታ ክፍት አደረገው። እንግዲህ የማይወደው ሰው እንኳ አንድ መልካም ነገር ጨመረበት ማለት ነው። የሕንዱ የባጃጅ ፋብሪካ ቬስፓን በፈቃድ ይሠራ ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን ባለ ሦስት እግሩን ታክሲ፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ሳይቀር፣ «ባጃጅ» ብለን እንጠራዋለን። የአንድ ፋብሪካ ስም የዕቃው ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። ስም ከነገሩ እንደሚለይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ በ1903 ሚልዎኪ ከተማ የተመሠረተውን ሃርሊ ዴቪድሰን «የሚንቀጠቀጥ ጎተራ» እያለ ሲያፌዝ ይሰማል። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ ተጋጥመው የሚሰጡት ያ ዘገምተኛ ምት ግን በረጅሙ የአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ለሚውል ሰው የጉዞ ጓደኛው ነው። በ1958 የወጣው የሆንዳ ሱፐር ካብ ደግሞ ሞተሩ 50 ሲሲ ብቻ ሆኖ የፍሪሲዮን እጀታ ሳያስፈልገው ማርሽ ይቀየርለታል፤ ስለዚህ ምግብ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ ይዞት ይሄዳል። ይህ ሞተር ከነተከታዮቹ በ2017 የምርቱ ቍጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። ትንሽ ነው ብለው የሳቁበት ሰዎች ምን ያህል እንደተሳሳቱ ቍጥሩ ይመሰክራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የእንግሊዝና የጃፓን ታሪክ ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ በ1954 ወደ ማን ደሴት ሄዶ የአውሮፓውያንን የውድድር ሞተሮች ሲያይ ከእርሱ ሞተሮች እጅግ የበለጠ ጉልበት እንዳላቸው ተገነዘበ። የራሱን ስም ብቻ የሚወድ ሰው ቢሆን ኖሮ ምክንያት ፈጥሮ በናቃቸው ነበር። እርሱ ግን ተማረባቸው። በ1959 ወደዚያው ውድድር ገባ፤ በ1961 በ125 እና በ250 ሲሲ ውድድሮች ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ቦታ ሞተሮቹ ያዙት።

በእንግሊዝ በኩል የትራያምፍ ታላቁ መሐንዲስ ኤድዋርድ ተርነር በ1960 ጃፓን ሄዶ የፋብሪካዎቹን ስፋት አይቶ ለባልደረቦቹ አስታወቀ። ነገር ግን ብዙዎች በስማቸው ተማምነው ተቀመጡ። ሞተሮቻቸው ዘይት ሲያንጠባጥቡ ወዳጆቻቸው እንደ ጠባይ ቆጥረው ይስቁ ነበር። በ1969 ሆንዳ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በቍልፍ የሚነሣ፣ የፊት ፍሬኑ ዲስክ የሆነ 750 ሲሲ ሞተር ለገበያ አቀረበ። በሜሪደን የነበረው የትራያምፍ ፋብሪካም በ1983 ተዘጋ፤ ስሙ እንደገና የተነሣው በሌላ ባለቤትና በሌላ ፋብሪካ ነው። ጉድለትን እያዩ ዝም ያሉ ወዳጆች የሚወዱትን ነገር አላዳኑትም።

እርግጥ ነው፣ ለአንድ ማርክ ታማኝ መሆን ጥቅም አለው። መለዋወጫው በቅርብ ከተገኘና የሠፈሩ መካኒክ ካወቀው ይህ ተገቢ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ሌላ፣ ጭፍን ፍቅር ሌላ ነው።

ነገሩ የወጣቶች ጨዋታ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ደግሞ ይህን ያስብ። ዛሬ ቡና ቤት የሚከራከረው ወጣት ነገ በግዢ ኮሚቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገጠር ለሚወጡ ሠራተኞች ሞተር ሳይክል ይመርጣል። የያማሃ ኤጂ የተባለው ዓይነት ለእርሻ ሥራ የታሰበ ስለሆነ ካቴናው ከጭቃ የተሸፈነ፣ ከፊትና ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያለው ነው፤ መልኩ ግን የአስፋልቱን ያህል አያምርም። በስም ወይም በመልክ ተማርኮ የፈረመ ሰው ያችን ፊርማ ይረሳት ይሆናል፤ ክትባት ይዞ በጭቃ መካከል የቀረው የጤና ሠራተኛ ግን አይረሳትም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ያላችሁን ውደዱ፤ ነገር ግን የሌላው ሰው ሞተር ሲያጋጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ለምን ሥራ ተሠራ? ችግሩን በምን ዘዴ ፈታው? ከእኔው የሚሻልበት በምንድን ነው? ባለቤቱ ቢፈቅድላችሁም ጥቂት ንዱት። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላልና ያልቀመሱትን መናቅ ቀላል ነው።

ያ ተማሪ ከቤቱ ሲወጣ የጓደኛውን ሞተር ዞር ብሎ ሲያየው በመስኮት አየሁት። አልነዳውም፤ ግን ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ተመለከተ። ለአንድ ምሽት ይህም ይበቃል።