ለጃዝ የሚሆን ትንሽ አምፕሊፋየር
የጃዝ ጊታር ከአምፕሊፋየር የሚፈልገው የጠራ ድምፅ ነው፤ ኮርዱ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ እንኳ መሻከር የለበትም። የዋቱ ብዛት ብቻውን ገዢን ሊያታልል አይገባም፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ይህም በጆሮ ብዙም የማይታወቅ ለውጥ ነው። ቤዝ ጊታር ግን ለአምፕሊፋየር ከበድ ይላል። የጊታር ወፍራም ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ሲርገበገብ የቤዝ ጊታር 41 ጊዜ ብቻ ይርገበገባል፤ ይህን ዝቅተኛ ድምፅ ለማውጣት ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት። ለጊታር የተሠራ ትንሽ ስፒከር ጮክ ተደርጎ ቤዝ ከተጫወቱበት ሊቀደድ ይችላል። በተቃራኒው የቤዝ አምፕሊፋየር ለጃዝ ጊታር ጥሩ ነው፤ የጃዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆ ፓስ ይጫወትበት የነበረውን ፖሊቶን ሚኒ ብሩት የተባለ አምፕሊፋየር ቤዝ ተጫዋቾችም ይጠቀሙበት ነበር። ሁለቱንም መሣሪያ የሚጫወት ሰው እንግዲህ የቤዙን ይግዛ።