አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛታችን በፊት

በትምህርት ቤታችን የወላጆች ስብሰባ ላይ በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል፤ መቼ ነው የሚቀየሩት?» የሚል። ዘንድሮ ጥያቄው በርትቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በኮምፒውተር ክፍላችን ያሉት ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ፕሮሰሰር አያሟሉም። ስለዚህ ሻጮች «እነዚህን አስወግዱና አዲስ ግዙ» እያሉን ነው። እኛ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ወላጆችና መምህራን ይህን ሐሳባችንን እንዲመዝኑልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኮምፒውተሮቹ አልተበላሹም፤ ያበቃው የሶፍትዌሩ ድጋፍ ነው። እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ዓመታት ባስቆጠሩ ማሽኖች ላይ ይሠራሉ፤ የደኅንነት ማሻሻያም ይደርሳቸዋል። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ሠንጠረዥ ለመሥራትና ገለጻ ለማዘጋጀት ለእኛ ደረጃ ይበቃል። የግእዝ ፊደል ፎንቶችና የአማርኛ መተየቢያም በነጻ ይገኛሉ። ማሽኑ ቀርፋፋ ከሆነ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካትና ሜሞሪ መጨመር ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ይህ ደግሞ ከአንድ አዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ጥቂቱን ብቻ ይጠይቃል።

ይህ በእኛ የተጀመረ ነገር አይደለም። በሕንድ የኬረላ ክፍለ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከብዙ ዓመታት ወዲህ በነጻ ሶፍትዌር ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቴክኖሎጂ ተቋም ኪት 200,000 ለሚሆኑ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ የራሱን ሲስተም ባዘጋጀ ጊዜ፣ ለፈቃድ ይከፈል የነበረ 30 ቢሊዮን ሩፒ እንደሚድን ገልጾ ነበር። ከቁጥሩ በላይ እኛን የሳበን ግን መምህራኑ አብረው መሠልጠናቸው ነው። ኬረላ ሶፍትዌሩን ብቻ ሳይሆን የሚያስተምሩበትን ሰዎችም አዘጋጅታለች።

ሰው ያልተዘጋጀበት ቴክኖሎጂ ምን እንደሚሆን ከቅርብም እናውቃለን። ከወላጆቻችን መካከል በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተሰራጨው የፕላዝማ ትምህርት የተማሩ አሉ። ትምህርቱ በሳተላይት ስለሚመጣ ተማሪው ባይገባውም አይቆምለትም፤ መብራት ከጠፋም ክፍለ ጊዜው በዚያው ያልፋል። በምንኖርባት ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላፕቶፕ እንደሚሰጥ ቃል ተገብቶ፣ ከ2016 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች፣ በብዛት ታብሌቶች፣ ለመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፋፈሉ። በቂ ሥልጠናና ጥገና ባልነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ዕቃው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው ወጪ ኢንተርኔት ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አንድን ቪዲዮ በየግሉ ሲከፍት ዳታው ወዲያው ያልቃል። ኪዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ግን የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሎቹ 100 ጊጋባይት ገደማ በሆነ ፋይል ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ኮሊብሪ የተባለው ደግሞ የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሰራጫል። እነዚህን ለማስቀመጥ ትልቅ ሰርቨር አያስፈልግም፤ እንደ ራዝቤሪ ፓይ ያለች የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር፣ ወይም ከአሮጌዎቹ ማሽኖቻችን አንዱ ከአንድ ራውተር ጋር ይበቃል። አንዴ የወረደው ለሁሉም ይሆናል፤ ዳታ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ልጅም ከጓደኞቹ እኩል ያነባል።

የሚነሱ ተቃውሞዎችን ሰምተናል። «ልጆቹ ዊንዶውስ ሳያውቁ ወጥተው ሥራ እንዴት ያገኛሉ?» የሚለው ተገቢ ስጋት ነው። መልሳችን ጥቂት ማሽኖች ዊንዶውስ ይዘው ይቆዩ የሚል ነው፤ የሒሳብ ክፍሉም የለመደውን ይቀጥል። የሠንጠረዥ ቀመር መሥራትን የተማረ ልጅ ግን ፕሮግራሙ ቢለወጥበት በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። «ማይክሮሶፍት ለትምህርት ተቋማት ድጋፉን በጥቂት ዶላር ያራዝማል» የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው። ሆኖም ማራዘሚያው ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደዚሁ ጥያቄ እንመለሳለን። «ማን ይጠግናል?» ለሚለው፣ እኛ አቧራ መጥረግ፣ ዲስክ መቀየርና ሲስተም መጫን እንችላለን። ነገር ግን ክበብ ብቻውን አይበቃም፤ ተማሪ ይመረቃል፣ ይሄዳል። አንድ መምህር በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ሊመደብለትና ለሰዓቱም ሊከፈለው ይገባል። ነጻ ሶፍትዌር ማለት ወጪ የሌለው ሥራ ማለት አይደለም፤ ገንዘቡ ከፈቃድና ከዕቃ ወደ ሰው ይዛወራል ማለት ነው።

ለእኛ ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው። በየዓመቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ስላልተሟላላቸው በተርም መካከል ወንበራቸው ባዶ የሚሆን ጓደኞች አሉን። የኮምፒውተር መግዣ ተብሎ ከሚሰበሰበው መዋጮ የሚተርፈው ከእነርሱ ጥቂቶቹን በክፍል ሊያቆይ ይችላል። አዲስ ስክሪን ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይልቅ እነርሱን አጠገባችን ማየት እንመርጣለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። በመጪው የዕረፍት ጊዜ አምስት ማሽኖች ይሰጡን፤ በመምህራችን ቁጥጥር እናድሳቸውና ለአንድ ተርም ይሠራባቸው። የተቋረጠውን፣ የተጠገነውንና የወጣውን ወጪ በመዝገብ እንይዛለን። የወላጆች ኮሚቴም መዝገቡን አይቶ ይወስን። ሙከራው ካልሠራ አዲስ መግዛቱ አያመልጠንም፤ ከሠራ ግን የተረፈው ገንዘብ የት መዋል እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን።