እሳት ማብዛት ሥጋ አያለሰልስም

“ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?” ብለን አዲስ ገቢ ተማሪዎቻችንን በጠየቅን ቁጥር ክፍሉ በአንድ ድምፅ “በ100!” ይለናል፡፡ ይህን መልስ የሚሰጡን ተማሪዎች የተቀመጡት ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ሲሆን፣ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፡፡ እኛም ብንሆን ለዓመታት ለ“100” ሙሉ ማርክ ስንሰጥ የኖርን በመሆናችን ወቀሳው በቅድሚያ የእኛው ነው፡፡ ስሕተታችንን ያሳየን ደግሞ ቤተ ሙከራ ሳይሆን ድስት ነው፡፡

ለዶክትሬት ትምህርት በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ በቆየንበት ጊዜ አሮስቶ መሥራት ተምረን ነበር፡፡ አንድ ሙዳ የወርች ሥጋ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሽቶ፣ ላዩን በዘይት ጠበስ አድርጎ፣ ጥቂት ውኃ ጨምሮ መክደን ነው፡፡ (ጠበስ ማድረጉ ጭማቂውን ያሽጋል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የሚሰጠው ጣዕምና ቀለም ነው፡፡) አገር ቤት ገብተን በዚያው ሰዓት ልክ ብንሠራው ግን ሥጋው እንደ ጠፍር ሆኖ እንግዶች ፊት ቀረበ፡፡ “እሳት ቢጨመርበት ኖሮ!” ተባለ፡፡ በሚቀጥለው ጊዜ ጨመርንበት፤ ከሰሉ አለቀ፣ ሥጋው ግን እንደዚያው ነው፡፡

ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ ወርች ብዙ የሠራ ጡንቻ እንደ መሆኑ ኮላጅን የተባለው ጠንካራ ፕሮቲን ይበዛበታል፡፡ ኮላጅን ከ70 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ለስላሳው ጄላቲን ይለወጣል፤ ሙቀቱ በጨመረ መጠን ለውጡ ይፈጥናል፡፡ ነገር ግን ክፍት በሆነ ወይም ተራ ክዳን ባለው ድስት ውስጥ ያለ ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት ሙቀቱ ከ92 አያልፍም፡፡ ትርፉ እሳት በሙሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፡፡ አንድ ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ለማድረስ 300 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ ውኃ አትንኖ ለመጨረስ ግን ከዚያ ከ7 እጥፍ በላይ ያስፈልጋል፡፡ ከሰል በማዳበሪያ ገዝቶ ለሚያነድ ቤተሰብ ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ቁጥር ብቻ አይደለም፡፡ ስለዚህ ድስቱ መፍላት ሲጀምር እሳቱን መቀነስ፣ በሰዓቱ ላይ ደግሞ መጨመር ይገባል፡፡

ክዳን ላይ ድንጋይ የሚጭኑም አሉ፡፡ እስቲ እናስላው፤ 3 ኪሎ ግራም ድንጋይ በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ክዳን ላይ የሚጨምረው ግፊት 400 ፓስካል ያህል ሲሆን፣ የመፍያውን ነጥብ ሩብ ዲግሪ እንኳ ከፍ አያደርገውም፡፡ ጥቅሙ እንፋሎቱን መቆጠቡ ነው፡፡ ግፊትን በእውነት የሚጨምረው ዴኒ ፓፔን እ.ኤ.አ. በ1679 የሠራው ዓይነት ጥብቅ ድስት፣ ዛሬ ፕሬዠር ኩከር የምንለው ነው፤ በእኛ ከፍታ እንኳ 115 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፡፡ ተራ ድስትን አጥብቆ ማሰር ግን አደጋ ነውና እንዳይሞከር!

የኦክስፎርዱ የፊዚክስ ሊቅ ኒኮላስ ኩርቲ ዋና ጥናታቸው ከፍጹም ዜሮ አጠገብ ስላለው ቅዝቃዜ ነበር፡፡ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ ወጥ ቤት ፊዚክስ ንግግር ሲያደርጉ አላፈሩም፡፡ በእኛ ዘንድ ግን ወንዱ ተማሪ ጓዳ መግባትን እንደ ነውር ይቆጥራል፤ እናቱ “እሳቱን ቀንሱት” ስትል የቴርሞዳይናሚክስ ሰው እየተናገረች መሆኗን አያስተውልም፡፡ የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት እውነት ነው፤ እኛም ዘወትር የምናማርርበት ነው፡፡ ድስትና ቴርሞሜትር ግን እስከ መቶ ዲግሪ ድረስ ያለውን ብዙ ፊዚክስ ያስተምራሉ፡፡

እንግዲህ በሚቀጥለው በዓል አንድ ኪሎ ተኩል ወርች ጥዳችሁ፣ መፍላት ሲጀምር ሙቀቱን ለኩ፤ እሳቱን ቀንሳችሁም ሹካ ያለ ትግል እስኪገባ ድረስ ሦስት አራት ሰዓት ታገሡ፡፡ ውኃ በ96 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላባት ድሬዳዋ የሚኖር ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ በዚያው ዕለት ያንኑ እንዲሠራ ንገሩትና ሰዓታችሁን አስተያዩ፡፡